ከአክስቴ ምን ካሜራ ላስመጣ?

«ጤና ይስጥልኝ። ሳሪስ የምኖር የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። በአንድ የግል ድርጅት ገንዘብ ያዥ ሆኜ እሠራለሁ። ፎቶ ማንሳት ግን ነፍሴ ነው። እስካሁን የማነሳው በስልኬ ነው። የሰፈር ሰው ልደት ወይ ክርስትና ሲኖረው ‹ነይ አንሺን› ይለኛል። ቨርጂኒያ የምትኖር አክስቴ ለገና ስትመጣ ካሜራ ላምጣልሽ ብላ 600 ዶላር መደበችልኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የአጎቴ ልጅ ‹ፉል ፍሬም ካልሆነ ካሜራ አይባልም፤ ያገለገለ ፋይቭ ዲ ማርክ ቱ ግዢ› ይላል። የጠየቅኩት ባለሱቅ ‹ያገለገለ እንዳትነኪ፤ አዲስ ካነን 4000ዲ ከነሳጥኑ አለ› አለኝ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ‹ዲኤስኤልአር አብቅቶለታል፣ ዘመኑ የሚረርለስ ነው› ትላለች። ስልኬ 50 ሜጋፒክስል ነው። 24 ሜጋፒክስል ካሜራ መግዛት ወደ ኋላ መመለስ አይሆንም ወይ? ላፕቶፕ የለኝም። ማንሳት የምወደው ሰው ነው። ውሎ አድሮ ትንሽ ገቢ ቢያመጣልኝም ደስ ይለኛል። ምን ላስመጣ?»

ሕ.፣ ከሳሪስ

ውድ ሕ.፣

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ምክንያቱን ከዚያ እናወራዋለን። አክስትሽ ያገለገለ ካነን 200ዲ ከ18-55 ሌንሱ ጋር ትፈልግልሽ። በላዩ ላይ የ50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ትጨምርበት። በተረፈው ገንዘብ አንድ ተጨማሪ ባትሪና ሁለት ሚሞሪ ካርድ ይገዛ። ያገለገለ ዕቃ ዋጋው ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል። አክስትሽ ትንሽ ታግሣ ካፈላለገች ግን 600 ዶላሩ ለዚህ ሁሉ ሊበቃ ይችላል።

የሰጡሽ ምክር ሁሉ የየራሱ እውነት አለው። ነገር ግን ሦስቱም ያወሩልሽ ስለ ካሜራው ነው። ምን ማንሳት እንደምትወጂ የጠየቀሽ የለም። አንቺ ራስሽ በአንድ ቃል ጽፈሽዋል፦ ሰው። ያውም ቤት ውስጥ ያለ ሰው። ልደት ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ ቡና ተፈልቶ። ስለዚህ ካሜራሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ብርሃን በሚያጥርበት ክፍል ውስጥ፣ ዝም ብሎ የማይቀመጥ ሰው ፊት ነው። እዚያ ቦታ ላይ ፎቶሽን የሚያድነው ከቦዲው (ሌንስ ከሌለው የካሜራው አካል) ይልቅ ሌንሱ ነው። ገንዘቡን በሙሉ ቦዲው ላይ አትጨርሺው የምልሽም ለዚህ ነው።

እስቲ ሌንሱ ላይ ቆም እንበል።

ከካሜራው ጋር አብሮ የሚመጣው 18-55 መጥፎ ሌንስ አይደለም። ቀን ላይ፣ ደጅ፣ በደንብ ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው ስታቀርቢ ነው። 55 ላይ ስታደርሺው መክፈቻው ከኤፍ 5.6 በላይ አይሰፋልሽም። 50ው ግን እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል፣ የሚገባው ብርሃንም ይበዛል። በኤፍ 5.6 እና በኤፍ 1.8 መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል።

በተግባር እንየው። ማታ ነው እንበል። ሳሎን ውስጥ አንድ አምፖል በርቷል። አያትሽ ቡና ሲቀዱ ልታነሺ ነው። እጃቸው ይንቀሳቀሳል፣ ጀበናው ያዘነብላል። ፎቶው እንዳይደበዝዝ የሹተሩ (ብርሃን ለማስገባት ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ) ፍጥነት ከ1/125 ሰከንድ ባይወርድ ይመረጣል። በ50ው ሌንስ ኤፍ 1.8 ላይ ሆነሽ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600 በቃሽ እንበል። ያንኑ ፎቶ በ18-55ቱ 55 ላይ ለማንሳት አይኤስኦውን ወደ 16000 ማስወጣት አለብሽ። 1600 ላይ 200ዲ የሚሰጥሽ ፎቶ ደህና ነው፤ አሳትመሽ ግድግዳ ላይ ትሰቅይዋለሽ። 16000 ላይ ግን ኖይዙ (አሸዋ የመሰለው ነጠብጣብ) ይበዛል፣ ቀለሙ ይሞታል፣ የፊታቸው መስመር ይጠፋል። ካሜራው ያው ነው፣ ክፍሉም ያው ነው። የተለወጠው ሌንሱ ብቻ ነው።

ይህ ሌንስ አሁን ባለው መልኩ የወጣው በ2015 ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሲወጣ ዋጋው 125 ዶላር ነበር። ክብደቱ 160 ግራም ነው፤ ቦርሳሽ ውስጥ መኖሩን ትረሽዋለሽ። ስሙ ላይ «ኤስቲኤም» የሚል ምልክት መኖሩን አክስትሽ ታረጋግጥ። ከእሱ በፊት የነበረው «ማርክ 2» የሚባለው በዋጋ ይቀንሳል። ግን ካሜራው ላይ የሚገጥምበት ቀለበት ፕላስቲክ ነው፤ ፎከስ ሲያደርግም ድምፁ ይሰማል። ቅዳሴ ላይ ወይም ሕፃን ተኝቶ ስታነሺ ያ ድምፅ ያሳቅቅሻል።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ እወቂ። የ200ዲ ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) ፉል ፍሬም ከሚባሉት ካሜራዎች ትልቅ ሴንሰር ስለሚያንስ፣ 50ው ሌንስ እይታው እንደ 80 ሚሊሜትር ይጠብባል። ለአንድ ሰው ፊት ግሩም ነው። አሥር ሰው ኬክ ከቦ ቆሞ ላንሳ ካልሽ ግን ወደ ኋላ ስትሄጂ ስትሄጂ ጀርባሽ ግድግዳ ይነካል፤ ሰዉም ገና ሙሉ በሙሉ አልገባም። ያኔ 18-55ቱን ግጠሚና 18 ላይ አድርጊው። ሌላም አለ። ኤፍ 1.8 ላይ ፎከስ የሚይዘው ቦታ በጣም ቀጭን ነው። በቅርብ ስታነሺ ዓይን ጥርት ብሎ ጆሮ ሊደበዝዝ ይችላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ፎከስሽን ዓይን ላይ አድርጊ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲሆን ወደ ኤፍ 4 ዝጊው።

አሁን ወደ ሜጋፒክስሉ። ስጋትሽ ይገባኛል፤ 50 ከ24 ይበልጣል። ነገር ግን 20 በ30 ሳንቲሜትር የሆነ ፎቶ በጥሩ ጥራት ለማሳተም የሚያስፈልግሽ 8 ሚሊዮን ተኩል ፒክስል ግድም ነው። 24 ሚሊዮን ተርፎሽ ትቆርጪበታለሽ። ደግሞም 50 ሜጋፒክስል የሚባሉት ስልኮች አብዛኞቹ ካልነካካሻቸው በስተቀር አራት አራት ፒክስል እያዋሃዱ 12 ሜጋፒክስል ተኩል ፎቶ ነው የሚያስቀምጡልሽ። የፎቶ ጋለሪሽን ከፍተሽ የአንዱን ፎቶ ዝርዝር ብታዪው ታገኚዋለሽ።

ቁም ነገሩ ሴንሰሩ ነው። የ200ዲ ሴንሰር 22 በ15 ሚሊሜትር ግድም ነው። የስልክሽ ሴንሰር የትንሿ ጣትሽን ጥፍር ቢያህል ነው። ትልቁ ሴንሰር ብዙ ብርሃን ይሰበስባል። ማታ ላይ ልዩነቱን የምታዪው እዚያ ነው። ስልኩ ጉድለቱን በሶፍትዌር ይሸፍናል፤ ፊት ያለሰልሳል፣ ጀርባውን ራሱ ቆርጦ ያደበዝዛል፣ አንዳንዴ ከሹሩባ ያፈነገጠችውን ፀጉር ከጀርባው ጋር አብሮ ያደበዝዛታል። ስልክሽን ግን እንዳትንቂው። እስካሁን ሰው «ነይ አንሺን» እስኪልሽ ያደረሰሽ እሱ ነው።

የሦስቱን ሰዎች ምክር በየተራ ልመልስ።

ባለሱቁ ያቀረበልሽ 4000ዲ በ2018 ነው የወጣው። አዲስ ነው ማለቱ ሳጥኑ አልተከፈተም ማለት ከሆነ እውነቱን ነው። ውስጡ ግን ሌላ ነው። ካነን 18 ሜጋፒክስል ሴንሰር በዚህ ዓይነት ካሜራዎች ላይ መጠቀም የጀመረው በ2009 እና በ2010 ነው። 4000ዲም ያው 18 ነው። ስክሪኑ 2.7 ኢንች ነው፤ አይታጠፍም፣ በጣትም አይነካም፣ ጥራቱም ደካማ ነው። ያነሳሽው ፎቶ ፎከስ ይኑረው አይኑረው እዚያ ላይ ለማየት ትቸገሪያለሽ። ሌንስ የሚገጠምበት ቀለበትም ፕላስቲክ ነው። በስክሪኑ እያየሽ ስታነሺ ፎከሱ ቀርፋፋ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የበለጠ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር አላውቅም። ሕፃኑ ስቆ ጨርሶ ነው ካሜራው የሚያነሳልሽ። በ2017 የወጣው 200ዲ፣ ያገለገለም ቢሆን፣ በብዙ ይበልጠዋል። 24 ሜጋፒክስል አለው። ስክሪኑ ወደ ጎን ተከፍቶ ይዞራል። በጣትሽ የሰውየውን ፊት ስትነኪ፣ እንደ ስልክሽ ቶሎ ፎከስ ያደርጋል። ካነን ዱዋል ፒክስል የሚለው ቴክኖሎጂ ነው ይህን የሚሠራው።

የአጎትሽ ልጅ ያለው ፋይቭ ዲ ማርክ ቱ ትልቅ ስም ያለው ካሜራ ነው። የወጣው በ2008 ነው፤ ብዙ ሠርግ፣ ብዙ ዘጋቢ ፊልም ተሠርቶበታል። የሚሰጠው ምስል ዛሬም ያምራል። ለአንቺ ግን አይሆንም ባይ ነኝ። ቦዲው ብቻ 810 ግራም ይመዝናል። ካርዱ ኮምፓክት ፍላሽ ነው፤ እንደልብ ከምታገኚው ኤስዲ ካርድ የተለየ ነው፣ የራሱ ማንበቢያም ይፈልጋል። ዋይፋይ የለውም፤ አንቺ ደግሞ ላፕቶፕ የለሽም። ቪዲዮ ስትቀርጪ ሰውየውን እየተከተለ ፎከስ አያደርግም። ሹተሩ የተሞከረው ለ150,000 ፎቶ ነው። በአንድ ሠርግ 2,000 ፎቶ የሚያነሳ ባለሙያ ይህን በ75 ሠርግ ይጨርሰዋል። እዚህ ገበያ ላይ ያሉት ደግሞ ከሠርግ ሥራ የወጡ ናቸው ብሎ መገመት ይሻላል።

ባልደረባሽ ስለ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት ስለሌለው ካሜራ፤ 200ዲ መስታወት ያለው ዲኤስኤልአር ነው) ያለችው ከሁለቱም ይልቅ ክብደት አለው። እውነት ነው፣ ካነንም ኒከንም አዲስ ነገር የሚያወጡት በሚረርለስ ነው። ካነን አር50 በ2023 ሲወጣ ያለ ሌንስ 679 ዶላር ነበር። ፎከሱ ዓይን ፈልጎ ይይዛል፤ ሰው ለምታነሺ ለአንቺ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አክስትሽ በጀቱን ከፍ ማድረግ ከቻለች፣ ለሌንስም ከተረፈ፣ እሱን ውሰጂ እልሻለሁ። ካልቻለች ግን ርካሹን ሚረርለስ አር100 ለመግዛት ብለሽ 50ውን ሌንስ እንዳትተዪ። የአር100 ስክሪን አይነካም፣ አይዞርም።

በ200ዲ ተሸወድሽ የሚልሽ ካለ ደግሞ አትደንግጪ። እሱ ላይ የሚገጥመው የኢኤፍ ሌንስ ከ1987 ጀምሮ ሲመረት የኖረ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ሌንስ በየቦታው ይገኛል። ነገ ወደ ሚረርለስ ስትሻገሪም ያው ሌንስሽ በአዳፕተር ይሠራልሻል። የ200ዲ ባትሪ ራሱ አር50 ላይ ይገባል። የባከነ ገንዘብ የለም።

200ዲ እንከን የለውም አልልሽም። በስክሪኑ ሳይሆን ዓይንሽን አስጠግተሽ በመመልከቻው እያየሽ ስታነሺ ያሉት የፎከስ ነጥቦች 9 ብቻ ናቸው። በዋጋ የተቀራረበ 800ዲ ከተገኘ 45 ነጥብ አለው፤ ትንሽ ቢከብድም እሱን ምረጪ። 250ዲ ደግሞ ከሁለቱም አዲስ ነው፤ በ2019 ነው የወጣው። ነገር ግን ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ ላይ መሃል ያለችውን የብረት ነጥብ ካነን አውጥቷታል። በዚያች ነጥብ ብቻ የሚሠሩ ርካሽ ፍላሾችና ትሪገሮች (ፍላሽን ከርቀት የሚያበሩ) 250ዲ ላይ አይበሩም። ነገ ከጓደኛ ፍላሽ ተውሰሽ ልደት ልታነሺ ስትይ ነው ይህ የሚገባሽ። 200ዲን ያስቀደምኩት በዚህም ምክንያት ነው።

ኒከን ከተገኘም ክፉ አይደለም። ዲ3300፣ ዲ3500፣ ዲ5300 ሁሉም 24 ሜጋፒክስል የሆኑ ጥሩ ካሜራዎች ናቸው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ እነዚህ ቦዲዎች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የለም። ሌንሱ ላይ «ኤኤፍ-ኤስ» ወይም «ኤኤፍ-ፒ» የሚል ከሌለ ፎከስ በእጅሽ ልታደርጊ ነው። የ50 ሚሊሜትሩ «1.8ዲ» ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይገዛና እዚህ ላይ ይያዛል። «1.8ጂ» የሚለው ነው የሚሠራልሽ።

አሁን ለአክስትሽ የሚሆነውን ልንገርሽ። አሜሪካ ውስጥ ካነን ለእነዚህ ካሜራዎች ሌላ ስም ሰጥቷቸዋል። 200ዲ እዚያ «ሬብል ኤስኤል2» ነው የሚባለው። 250ዲው «ኤስኤል3»፣ 800ዲው «ቲ7አይ»፣ 4000ዲው «ቲ100» ነው። ስሙን ካላወቀች ሱቅ ለሱቅ ስትዞር «200ዲ የሚባል የለንም» ይሏታል። «ቲ7» እና «ቲ7አይ» ደግሞ ሁለት የተለያዩ ካሜራዎች ናቸው። ቲ7 የሚባለው 2000ዲ ነው፤ ከ800ዲው በብዙ ያንሳል። መጨረሻዋ ላይ ያለችዋ «አይ» እንዳታመልጣት።

ሌላው ባንድል የሚሉት ነገር ነው። ካሜራው ከቦርሳ፣ ከትንሽ ትራይፖድ፣ ከፊልተር፣ ከሚጠመዘዝ «ዋይድ» ሌንስ ጋር በአንድ ዋጋ ይሸጣል። ፎቶው ላይ ሲያዩት ሃያ ዕቃ ይመስላል፤ ያጓጓል። ትራይፖዱ በነፋስ ይወዛወዛል፣ የሚጠመዘዘው ሌንስ ዳር ዳሩን ያበላሻል። ያ ገንዘብ ለ50ው ሌንስ ይሁን። ያገለገለ ካሜራ መርምረው፣ ደረጃ ሰጥተው፣ በዋስትና የሚሸጡ እንደ ኬኢኤች እና ኤምፒቢ ያሉ መደብሮች አሉ። ከማታውቀው ግለሰብ ከምትገዛ ከእነሱ ብትገዛ ይሻላል። መመለስ ትችላለች። ዕቃው ከመምጣቷ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀድሞ እጇ ይግባ፤ ችግር ቢኖረው የምትመልሰው እዚያው ሆና ነው።

ምናልባት የአክስትሽ ጉዞ ከቀረና እዚሁ ከቴሌግራም የምትገዢ ከሆነ፣ «ዋጋ በውስጥ» ከሚለው ሰውዬ ጋር ቀን ላይ፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ ተገናኚ። የራስሽን ኤስዲ ካርድ ይዘሽ ሂጂ። መክፈቻውን ኤፍ 16 ላይ አድርገሽ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ አንሺ፤ ፎቶውን አቅርበሽ ስታዪው ጥቁር ነጠብጣቦች ካሉ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ። አቧራ ይጸዳል፤ ጭረት ግን አይጸዳም። ሌንሱን አውልቀሽ በስልክሽ መብራት ከኋላ ወደ ፊት ተመልከቺ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካየሽ ሻጋታ ነው፤ ተዪው፣ ዋጋ ቢቀንስልሽም ተዪው። ፎከሱን በቅርብም በሩቅም ሞክሪ። ስክሪኑን ክፈቺና አዙሪ፤ ማጠፊያው ላይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ኬብሉ እያለቀ ነው። ከካሜራው ሥር ያለው መለያ ቁጥርና ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን አስተያዪ። ሳጥንም ደረሰኝም የለውም፣ ቻርጀሩም ጠፍቷል ካለሽ ካሜራው የማን እንደነበር አታውቂም። የተሰረቀ ዕቃ ይዘሽ ልብሽ አያርፍም።

ካርድ ላይ አትቆጥቢ። አንድ 64 ጊጋ ከምትገዢ ሁለት 32 ግዢ። 200ዲ ካርድ የሚያስገባው አንድ ብቻ ነው፤ ያ ካርድ ከተበላሸ የክርስትናው ፎቶ ሁሉ ሄደ። በመሃል ካርድ ብትቀይሪ ቢያንስ ግማሹ ይተርፍልሻል። ካርዱን እንደገዛሽ እስኪሞላ ድረስ ቪዲዮ ቅረጪበትና እስከ መጨረሻው ከፍተሽ እዪው። የሐሰት ካርድ 64 ይልሽና ግማሽ ላይ ፋይሉን ያበላሻል።

ላፕቶፕ የለኝም ያልሽውም አያስጨንቅሽ። 200ዲ ዋይፋይ አለው። «ካሜራ ኮኔክት» የሚባለውን የካነን መተግበሪያ ስልክሽ ላይ ትጭኛለሽ፤ ፎቶው ወደ ስልክሽ ይመጣል። ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ ደግሞ ስልክ ላይም ይሠራል። ለመጀመሪያው ዓመት ከዚህ የበለጠ አያስፈልግሽም።

ስለ ነጭ ልብስ ልንገርሽ፤ ክርስትና ስለምታነሺ ቶሎ ይገጥምሻል። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ይፈልጋል። ፍሬሙ በነጠላና በነጭ ቀሚስ ሲሞላ «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ፎቶውን ያጨልመዋል። ነጠላው አመድ ይመስላል። የእናትየዋ ፊት ደግሞ ጭራሽ ጥላ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ካሜራው ደካማ ነው ይላል። ካሜራው ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባት ቁልፍ አለች። እሷን ተጭነሽ ጎማውን ወደ መደመር አዙሪ፤ በግማሽ ወይም በአንድ ጀምሪ። ከዚያ ፊቱን እዪ። ፊቱ ሲፈካ ነጠላውን እዪ። የነጠላው ፈትል ጠፍቶ ባዶ ነጭ ከሆነ በዛብሽ፤ ትንሽ መልሺ። በሮው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) ካነሳሽ የተወሰነውን በኋላ ላይትሩም ላይ ማስተካከል ትችያለሽ። በተለመደው የጄፔግ ፋይል ላይ ግን ባዶ የሆነ ነጭ አይመለስም። የእኛ ሰው ቆዳ ቀለም ብዙ ዓይነት ነው፤ አንዱ ከአንዱ አጠገብ ሲቀመጥ ካሜራው ለማን እንደሚያደላ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ለፊት አድዪ።

ብርሃኑንም ምረጪው። አዲስ አበባ ላይ እኩለ ቀን ፀሐይ ከአናት ላይ ትወርዳለች፤ የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል፣ አፍንጫ ሥር ጥላ ይሠራል። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ማታም ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው። ሰዓት የማትመርጪበት ድግስ ከሆነ ሰዎቹን ወደ በረንዳ ጥላ ሳቢያቸው። ቤት ውስጥ ደግሞ መብራቱን አጥፍተሽ መስኮት ዳር አስቀምጫቸው። ፊታቸው ወደ መስኮቱ ገደድ ይበል። ይህን ዛሬውኑ በስልክሽ መለማመድ ትችያለሽ፤ ገናን መጠበቅ የለብሽም።

እስከዚያ ዓይንሽንም መግቢው። አይዳ ሙሉነህ ለዋሽንግተን ፖስት የፎቶ ጋዜጠኛ ሆና ሠርታ፣ ወደ አዲስ አበባ ተመልሳ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የሚባለውን ፌስቲቫል የመሠረተች ናት። ሰው ፊት ላይ ቀለምን እንዴት እንደምትጠቀም እዪ። ሚካኤል ፀጋዬ ሠዓሊ ነበር፤ የዘይት ቀለም አለርጂ ሆኖበት ወደ ካሜራ የዞረ ነው። ጥቁርና ነጭ ፎቶዎቹን ስታዪ ብርሃኑ ከየት እንደገባ ለማወቅ ሞክሪ። አንድ ፎቶ ላይ ረጅም ሰዓት ተቀመጪ። ከዩቲዩብ የካሜራ ማነጻጸሪያ ይልቅ ይህ ይጠቅምሻል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ገቢን በተመለከተ አትቸኩይ፤ ግን አትፍሪም። ልደትና ክርስትና በዚህ ካሜራ በደንብ ይሠራል። ሠርግ ብቻሽን አትያዢ፣ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት። ሙሽራዋ በር ላይ የምትወጣው አንዴ ነው። የምታውቂው ካሜራ ማን ካለ «ሁለተኛ ሆኜ ልምጣ» በይው። እሱ ዋናውን ያነሳል፤ አንቺ የእናቶቹን ዕንባ፣ የልጆቹን ጫማ ታነሻለሽ። ሰው ከማንሳትሽ በፊት ፈቃድ ጠይቂ፤ በተለይ ልጅ ሲሆን ወላጁን። የምታነሺውን ሰው ፎቶ ሳታስፈቅጂ ቴሌግራም ላይ አትለጥፊ። መንገድ ላይ ስትወጪ ቤተ መንግሥትና ወታደራዊ ቦታ አካባቢ ካሜራሽን ቦርሳሽ ውስጥ አድርጊ።

ለአክስትሽ ይህን ላኪላት፦ «እታለም፣ ካነን ሬብል ኤስኤል2፣ ያገለገለ፣ ከ18-55 ሌንስ ጋር። ካልተገኘ ቲ7አይ፣ ‹አይ› ያለበት። ካነን 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም። ኤልፒ-ኢ17 የሚባል ባትሪ አንድ ተጨማሪ። ኤስዲ ካርድ 32 ጊጋ ሁለት። ባንድል አትግዢ።» ተጨማሪ ባትሪውን በእጅ ሻንጣ ትያዘው፤ መለዋወጫ ሊቲየም ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። ካሜራውና ሌንሶቹም ከእሷ ጋር ቢቀመጡ ይሻላል። ቻርጀሩ በእኛ 220 ቮልት ይሠራል፤ የሚያስፈልገው የሶኬት አዳፕተር ብቻ ነው።

ካሜራው እጅሽ ሲገባ ሜኑው ውስጥ ገብተሽ የቪዲዮ ሲስተሙን ከኤንቲኤስሲ ወደ ፓል ቀይሪው። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 50። ሳትቀይሪው በአዳራሽ መብራት ሥር ቪዲዮ ከቀረጽሽ ምስሉ ይርገበገብብሻል። በ25 ፍሬም፣ ሹተሩን 1/50 ላይ አድርገሽ ቅረጪ።